በሐረጎ ጭጋግ ውስጥ የታየው ቀይ ነገር

በእኛ አገር፣ በዕድል የተረፈ ሰው ያንኑ ዕድል እንደ ርስት ቆጥሮ ሊኖርበት ሲያስብ የሚነገረው አንድ አባባል አለ። የጎረቤቱን ወረቀት አይቶ ፈተና ላለፈ ተማሪ ይነገራል። ጣሪያው እያፈሰሰ «ዘንድሮስ ዝናቡ ቀላል ነው» ለሚል አባወራ ይነገራል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲሰማው ግር ይለዋል፤ አንዳንዱም ይስቃል። ከጥንት አባቶች የወረደ የሚመስለው ሰውም ሞልቷል። ከደሴ እስከ ሐይቅ ያሉ አዋቂዎች ተሰብስበው መነሻውን ቢፈልጉ አያገኙትም፤ ለምን ቢሉ፣ በቦታው አልነበሩማ! እኔ ግን ነበርኩ። መኖር ብቻ መሰላችሁ? መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሙሄ እባላለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ስነዳ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። የሐረጎን ኩርባዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ እነሱም ያውቁኛል። እኔ ስደርስ ራሱን የሚያቃና ኩርባ አለ ይላሉ። እኔ ግን ስለ ራሴ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት አልወድም።

ቀኑ ነሐሴ ውስጥ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ባለቤቴ ከድጃ ደጃፍ ድረስ ተከተለችኝ።

«ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በፊት ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ። «የሰዓዳ ነገር ነው። ኋላ ሰው ደጅህ ቆሞ አንተ ኮምቦልቻ ወሬ ይዘህ እንዳትቀር!»

ሰዓዳ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። መኪናዬ ግንባር ላይ በትልልቅ ፊደል «የሰዓዳ አባት» ብዬ አስጽፌያለሁ፤ ጽሑፉን ከሩቅ ተራራ ላይ ሆነው የሚያነቡት አሉ።

«ልጁ ማነው?» አልኳት።

«ሽማግሌው ሲመጣ ይነግርሃል። ሰዓዳ እንደሆነ ፈቅዳዋለች። አንተ ብቻ በሰዓቱ ተገኝ።»

ሄድኩ። የጫንኩትን ሽንኩርት ኮምቦልቻ አራገፍኩ። ማራገፉ ዘገየብኝና ፊቴን ወደ ቤት ስመልስ ሰዓቱ ሄዷል። ቢሆንም አልደነገጥኩም። መኪናዬ ባዶዋን ስትሆን ዳገት አትወጣም፤ ዳገቱ ነው ወደ እሷ የሚወርደው።

ጭጋጉ ግን ሌላ ሆነ። የሐረጎን ጭጋግ ያላየ ሰው ጭጋግ አይቻለሁ አይበል። የዚያን ቀኑን ደግሞ ጭጋግ ለማለትም ይከብደኛል፤ ሰማዩ ራሱ ደክሞት መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር። እጄን በመስኮት ባወጣ እጄ ጠፋችብኝ፤ ስመልሳት የሌላ ሰው እጅ እንዳትሆን ብዬ ቀለበቴን አየሁ። ከገደሉ በታች ውሻ ሲጮህ፣ ከጩኸቱ እኔ ጋ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ጥግ ይዤ እቆም ነበር። ግን ሽማግሌ ደጃፍ አቁሞ የሚያስጠብቅ አባት መባል ለእኔ ከገደል አይሻልም። መብራቴን አብርቼ፣ ክላክሴን እያሰማሁ፣ «አላህ ከፊቴም ከኋላዬም ሁን» ብዬ ዳገቱን ተያያዝኩት።

አንዱን ኩርባ እንደጨረስኩ ፊት ለፊቴ ነጭ ብቻ ሆነ። መንገዱ ነጭ፣ ገደሉ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ። ድንገት በዚያ ነጭ መሀል አንድ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። እፍኝ አይሞላም፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ተንሳፍፏል። ምን እንደሆነ እኔ አላወቅሁም፤ እግሬ ግን አወቀ። ፍሬኑን ረገጥኩት ብል አነሰ፣ ቆምኩበት! የጎማዎቼ ጩኸት ባቲ ገበያ ድረስ ተሰምቶ ግመሎች ደንብረዋል ይባላል። መኪናዋ ተንሸራተተች፣ ጥቂት አሰበችበት፣ ቆመች።

«ያ ረቢ!» የሚል ድምፅ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ።

ወረድኩ። ከመኪናዬ አፍንጫ ሥር አንድ ሞተር ቆሟል። አንድ ጎረምሳ ጥቁር የዝናብ ልብስ ለብሶ መሪውን ይዟል፤ ከኋላው አንድ ሽማግሌ አዲስ ነጭ ጋቢ ተከናንበው ተፈናጥጠዋል። የጋቢው ጫፍ በሞተሩ ጭራ ላይ ወርዶ የመኪናዬን ብረት ይስማል። ነጭ ጋቢ በነጭ ጭጋግ ውስጥ! ወተት ላይ ወተት ቢያፈሱ ማን ይለየዋል? ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ ደርቀው ቀርተዋል። ቀዩ ነገር ምን እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ጺማቸው ነው። ሂና የጠጣ፣ እንደ ፍም የቀላ ጺም።

ሄጄ ጺማቸውን ይዤ ሳምኩት። ወላሂ ሳምኩት!

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አሉኝ።

«ከነፍሰ ገዳይነት ያዳነኝ ይሄ ጺም ነው ጋሼ! ከሱ በቀር ምንም አላየሁም። ክላክሴን ሰምተው ባይዞሩልኝ ኖሮ፣ ዛሬ...»

«የምን ክላክስ?» አሉ። «ክላክስ የሚባል ነገር አልሰማሁም። ጋቢዬን ነፋስ ቢገፍፈኝ ልሰበስብ ብዬ ነው የዞርኩት።»

የእኔን ክላክስ! አዋሽ ማዶ ያለ ሰው «ሙሄ መጣ» የሚልበትን! ግን አላህ ሰውን በጋቢ ጫፍ ሊያተርፍ ሲፈልግ የእኔ ክላክስ ምን ቤት ነው?

ወደ ጎረምሳው ዞርኩ። «አንተ! መብራት የሚባል አልፈጠረብህም?»

«አለኝ እንጂ ጋሼ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እስቲ በፊት በኩል ዞር ብለው ይዩት።»

ዞሬ አየሁት። እውነቱን ነው። ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ እየጠፋ የሚበራ አለ፣ መሪው ላይ እንደ ጨሌ የተሰካካ አለ። ከተማ ሙሉ ሠርግ ያደምቃል።

«እኔ እኮ በኋላህ ነው የመጣሁት!» አልኩት። ጋቢውን ከሞተሩ ጭራ ላይ ገለጥኩ። አሁንስ መብራት አያለሁ ስል፣ ከጨለማው ሥር ሌላ ጨለማ። የኋላ መብራቱን ጥቁር ላስቲክ አልብሶታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፋሽን ነው ጋሼ። ቀይ የባጃጅ ነው። ጥቁር ሲለብስ ግርማ አለው። ፀሐይ ላይ ቢያዩት...»

«ፀሐይ ካለማ መብራት ምን ይሠራልሃል?»

«የሳቸው ጋቢ ባይሸፍነው እኮ ይታይ ነበር።»

«እኔን ነው?» አሉ ሽማግሌው ከሞተሩ እየወረዱ። «ላንተ ክብር ብዬ አዲስ ጋቢ በለበስኩ? በል ይኸው ጋቢው ተነሥቷል። አሳየና!»

ልጁ ፍሬኑን ረገጠ። ጎንበስ ብለን አየን። ሊጠፋ የደረሰ ክብሪት ከዚያ ይሻላል።

«ከፊትህ ሠርግ፣ ከኋላህ መቃብር!» አልኩት። «ለመሆኑ በዚህ ጭጋግ የሚያስቸኩላችሁ ምን ጉዳይ ነው?»

«ለሽምግልና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይመር እባላለሁ። ለዚህ ልጅ፣ ለእብሬ፣ ሚስት ልጠይቅለት ነው። ታክሲው ጭጋግ ፈርቶ ቀረና ራሱ ጭኖኝ መጣ። የልጅቷ አባት ሾፌር ነው፤ ሙሄ ይሉታል። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል አሉኝ፤ ልቡ ግን ደግ ነው ይላሉ። ታውቀው ይሆን?»

እብሬ ቀና ብሎ የመኪናዬን ግንባር አየ። «የሰዓዳ አባት» የሚለውን ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱ ከጋቢው በላይ ነጣ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ። «ደግ ነው ያሏችሁ እውነት ነው። ሌላውን የሚያወሩት ምቀኞች ናቸው።»

ጋሼ ይመርም ገባቸው። «ሱብሐነላህ!» ብለው ጺማቸውን ያዙ። እንግዶቼን ለመቀበል የቸኮልኩት እኔ፣ በጎማዬ ልቀበላቸው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

«በሉ ብርዱ ይገድልዎታል፤ ገቢና ይግቡ ጋሼ» አልኳቸው።

«አይሆንም!» አሉ። «ጠያቂ በተጠያቂ መኪና ተጭኖ ይሄዳል? ነገ 'አባትየው ራሱ ጭኖ አመጣቸው' ቢባል ያንተም ልጅ ትረክሳለች፣ የኔም ሽምግልና ይረክሳል።»

ልክ ናቸው፤ ደንብ ደንብ ነው። እብሬ ላስቲኩን በጥፍሩ ሊያነሣው ሞከረ፤ ሙጫው እምቢ አለው። እናም ጋሼ ይመር ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ሞተሩ ላይ ወጡ። እኔ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ ራቅ ብዬ በኋላቸው እንደ አጃቢ ተከተልኩ። እሳቸው ግን ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው፣ ጺማቸውን እንደ ፋኖስ ወደ እኔ እንደያዙ ዳገቱን ጨረሱት።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተከትዬ ነድቻለሁ፤ የሚኒስትር አጀብ ሳይቀር። እንደዚያ ጺም በደስታ የተከተልኩት ግን የለም። በየኩርባው «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ያ ነፋስ ባይነሣ፣ ያ ጋቢ ባይገለብ ኖሮ፣ ሰዓዳ ሊያገባት የመጣውን ልጅ የገደለ ሰው ልጅ ትባል ነበር። ዓይኔን ቀና አድርጌ የማያት በምን ፊት ነው? ቀልደኛ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ገቢና ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። የእንባዬን ብዛት አልነግራችሁም፤ ወንዝ ሞላ ብል አታምኑኝም።

ሰፈራችን ጫፍ ስንደርስ እነሱ ቆሙልኝ፤ እኔ በጓሮ ገብቼ፣ ተጣጥቤ፣ ቤት ቁጭ አልኩ። ተጠያቂ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ጋሼ ይመር ብቻቸውን አንኳኩተው ገቡ፤ እብሬ እንደ ደንቡ ከአጥር ውጭ ቀረ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ፣ አይተውኝ እንደማያውቁ።

«አልሐምዱሊላህ። መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኩ፣ እኔም እንደማላውቅ።

«ደህና ነበር። አንድ ሾፌር ጺሜን ሳመኝ እንጂ።»

ከድጃ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች። ያስቸገረው የጋሼ ይመር አንገት ነው፤ እንደተጠመዘዘ ቀርቷል። እኔን ሲያናግሩ ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ቢሆንም ግድግዳውን እያዩ ልጄን ለእብሬ አሳምረው ጠየቁ።

ደንቡ የታወቀ ነው። «ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል። ሽማግሌ ያልተመላለሰባት ልጅ ዋጋ የላትም ይላሉ። እኔ ግን ያን ቀን አፌ ተመለሱ ሊል አልቻለም።

«መርሐባ» አልኩ። «አላህ ሁለት ነፍስ ከጎማዬ ሥር አውጥቶ ደጄ ድረስ ላመጣልኝ፣ እኔ ማን ነኝና ተመለሱ የምለው? ሰዓዳም ልጁን እንደምትፈልገው እናቷ ነግራኛለች። አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ያ ጥቁር ላስቲክ ዛሬውኑ ይላጥ። ኋላው በማይታይ ሞተር ላይ ልጄን አላፈናጥጥም።»

ከድጃ እልል አለች። ሁላችንም ወደ አጥሩ ወጣን። እብሬ በካፊያው ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ይመር ፈቃዱን ሲነግሩት ጉልበቴ ላይ ወደቀ፤ አነሣሁት። የላስቲኩ ነገር ሲነሣ ግን ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ እስከ ሠርጉ ድረስ እንኳ ቢቆይልኝ? ሚዜዎቼ ሁሉ እንደኔው ነው ያለበሱት። ተሰልፈን ስንመጣ አንድ ዓይነት ሆነን...»

«በጭጋግ ተሰልፋችሁ?» አልኩት። «ዛሬ ብያለሁ፣ ዛሬ!»

ሰዓዳ ከጓዳ ወጣች። በእጇ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛለች። ማንንም ሳታይ ቢላዋውን የሞተሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችና «በሱ ይለቃል» ብላ ተመልሳ ገባች።

እብሬ ቢላዋውን አየ፣ እኔን አየ፣ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ ይመር፣ ኧረ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉልኝ! ይኸው በሰላም ገባን አይደል? ደግሞስ እርስዎን አፈናጥጬ ማን ይገጨኛል?»

ጋሼ ይመር የተጠመዘዘ አንገታቸውን በአንድ እጅ ደገፉ፣ በሌላው ቢላዋውን አንሥተው መዳፉ ላይ አኖሩለትና፣ «ልጄ፣ ኋላህን አብራ፣ በሰው ጺም አትኩራ» አሉት።