የወይዘሮ ይርገዱ ጽጌረዳ

በሸንበቆ ማርያም መንደር ጽጌረዳ የሚተከለው ከአጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። እንግዳ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ የወይዘሮ ይርገዱን ነገር ያነሱለታል።

እንደሚነገረው ወይዘሮ ይርገዱ ብዙ ዘመን ልጅ አጥተው ሲኖሩ፣ «ልጅ ከሰጠሽኝ ያበቀልኩትን ጽጌረዳ በዘመነ ጽጌ በገዛ እጄ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብለው ለማርያም ተሳሉ፤ በዓመቱም ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ክርስትና እንደተነሳች የሦስት ቀን መንገድ ሄደው፣ ከአንድ ገዳም ቅርንጫፍ አምጥተው ጓሯቸው ተከሉ። ቅርንጫፉ ያዘ፤ ቅጠሉ በዛ፣ እሾሁ በዛ፣ አበባ ግን የለም። ፍግ ቢያለብሱት፣ አመድ ቢነሰንሱለት፣ ጥላው ይሆናል ብለው ቦታ ቢቀይሩለት ያው ነው። አምስት ጊዜ ጽጌ ገብቶ አምስት ጊዜ ወጣ፤ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን መግባት አፍረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሳልመው ይመለሱ ነበር ይባላል።

በስድስተኛው ዓመት ክረምት ባላቸው አቶ ማንደፍሮ፣ «ጽጌረዳ መስሎሽ የዱር ቀጋ ነው ያመጣሽው» አሏቸው።

«ቀጋማ ቢሆን ያብብልኝ ነበር!» ብለው ወይዘሮ ይርገዱ ጮኹ፤ ከነሥሩ ነቅለውም በአጥሩ ላይ አሻግረው ወረወሩት።

ተክሉ ከመንገዱ ዳር ጭቃ ላይ ወድቆ እዚያው ሥር ሰደደ። በዓመቱ ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ይርገዱ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ተክሉ ላይ አበባው ገና የተቀጠፈ ዘንግ አዩ። ጎረቤታቸው ቢሻው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አግኝተው ጠየቁት።

«ቀይ አበባ ነበረች፤ ለማርያም ወስጄ ሰጠኋት» አላቸው።

«የኔን?»

«እትዬ፣ እርስዎ ጥለውት የለም እንዴ?»

እየተንገበገቡ ወደ ቄሱ ሄዱ።

«ስለቴን ሌላ ሰው አደረሰብኝ፤ ምን ይሻለኛል?»

«ያበቀልሽው አንቺ ነሽ፤ አበባው ደርሷል፤ ስለትሽም ደርሷል» አሏቸው ቄሱ።

«በገዛ እጄ ብዬ ነበር እኮ!»

ወይዘሮ ይርገዱ እያጉረመረሙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ተክሉን ወደ ግቢ እንዳይመልሱት ማበቡን ይተዋል ብለው ፈሩ። ስለዚህ እዚያው ውሃ እያጠጡ፣ በየጽጌው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት፤ ዘወር ባሉ ቁጥር ግን ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ቀጥፎት ይሄዳል። ሲራገሙና ሲያጠጡ አርጅተው፣ አንዲትም አበባ በእጃቸው ሳይዙ ሞቱ ይባላል።

ዛሬም በዚያ መንደር በዘመነ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ከፈለገው ደጅ ጽጌረዳ ይቀጥፋል። የቤቱ እመቤት ግን ወጥታ፣ «ልፋቴን!» እያለች ትቆጣዋለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ እስክትጨርስ ይሰማታል። ያልተቆጡበት አበባ ማርያም ዘንድ አይደርስም ይላሉ። እመቤቲቱ ከሌለች የቀጠፈው ሰው አበባውን ይዞ፣ እስክትመጣ ድረስ ደጇ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።