በበጋ መብራት የሚያጠፋው ሰው

አንድ የመብራት ሠራተኛ ነበረ፤ ደጋ ላይ በተቆረቆረች አንዲት ትንሽ ከተማ። ቆይ እቴነሽ፣ አታቋርጪኝ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ክትባት ክፍል ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። የታመመ ያዳነ ይመሰገናል፤ እኔን ግን እናቶች ልጄን አስለቀስሽብኝ እያሉ ይቆጡኛል። እጄ አመድ አፋሽ ሆነ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ልዛወር ወይ?» ነው ያልሽኝ። እየመለስኩልሽ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳስተምርሽም መልሱ ሳያልቅ እጅሽን ታወጪ ነበር።

የዚያች ከተማ ክረምት ክፉ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነፋሱ ከበረዶ ጋር ሲመጣ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ ባሕር ዛፉን መሬት እስኪነካ ያጎነብሰዋል። የመብራት ምሰሶዎቹ ደግሞ የእንጨት ናቸው። ይህ ሰው ለክረምት መዘጋጀት የሚጀምረው በጥር ነበር። መዶሻ ይዞ ከምሰሶ ምሰሶ ይዞራል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ በሚደርሰው በኩል መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ይደቅናል። እንጨት የሚበሰብሰው አፈርና አየር በሚገናኙበት ላይ ነዋ! ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ከታች ሲመቱት ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ሲያገኝ በጠራራ ፀሐይ መብራት አጥፍቶ ምሰሶውን ይቀይራል።

ሰው በዚህ ይበሳጭ ነበር። «ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያጠፋብን?» ይላሉ። በበጋ መብራት የሚያጠፋው የሚል ስምም አወጡለት።

ዋናው ጣጣ ግን ባሕር ዛፉ ነበር። ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ቤት አይሠራበትም፤ ባዶውን ይቀመጣል። የእኛ ሰው ባዶ መሬት ካየ ምን ያደርጋል? ባሕር ዛፍ ይተክልበታላ! ዛፉ በጥቂት ዓመት ሽቦውን ይደርስበታል፤ ነፋስ ሲነሣ እላዩ ላይ ይተኛበታል። ሰውየው ቁረጡልኝ ብሎ ቤት ለቤት ዞሮ ለመነ። የሰማው የለም። ጭራሽ ከሁሉም ብዙ ዛፍ የነበረው አንድ ባለጸጋ፣ እድርተኛው በተሰበሰበበት፣ «የሰው ዛፍ ማስቆረጥማ ቀላል ነው። አንተስ ቦታህ ላይ ዐሥራ ሁለት ባሕር ዛፍ የለህም?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ነበሩት። ማዘጋጃ ቤት በመራው ቦታ ላይ በእጁ የተከላቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ቢቆዩለት ለቤት ምሰሶ ይደርሳሉ፤ ከሚስቱ ጋር ከኪራይ ቤት የሚወጡበት ተስፋ እነሱ ብቻ ነበሩ። ደግሞም ከሽቦው ሥር አልነበሩም፤ ከዳር ነበሩ። ሰውየው ከስብሰባው ወጥቶ ሄደ፤ ዛፎቹ ላይ እየወጣ ቁመታቸውን በገመድ ለካ። ቢወድቅ ሽቦውን የሚነካው አንዱ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ እሱም በክንድ ያህል ነው።

ሚስቱ ቆማ ታይ ነበር። «እንግዲያው አንዱን ቁረጥና ዐሥራ አንዱን ተውልን» አለችው።

«እነሱስ እስከ ነሐሴ አያድጉም?» አላት።

እሷም መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ገመዱን ያዘችለት። እኔ ከሁሉ በላይ ይቺን ሴት አከብራታለሁ። ዐሥራ ሁለቱንም ጣሉ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣልና ጉቶውንም ሳይቀር ቆፍረው ነቀሉት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያያቸው ነበር። ለምሰሶ የታሰበው እንጨት ለማገር እንኳ በጭንቅ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ባለጸጋው መጣ። ባዶውን ቦታ አየ፤ የሴትየዋን የቆሰለ መዳፍ አየ። «የእኔን ከየትኛው ልጀምር?» አለ። እሱ ከጀመረ ማን ይቀራል? ግንቦት ሳያልቅ ከመስመሩ ሥር አንድ ዛፍ አልተረፈም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ እንኳ አይተነው አናውቅም ያሉት ወጀብ መጣ። በጎረቤት ከተማ ዘጠኝ ምሰሶ ወደቀ። ዐሥራ አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ ወፍጮ ቆመና ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ሲንከራተት ከረመ። የዚያ ከተማ ሠራተኛ በዶፍ ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እየሠራ መብራቱን መለሰላቸው። ጋቢ አለበሱት። ይገባዋል፤ ጀግና ነው፣ አልነፍገውም። ዛፋቸውን የቆረጡት ግን ያን ጊዜ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በእኛ ሰውዬ ከተማስ? መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ፤ በቃ። ወፍጮው ሲፈጭ ዋለ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለ ቀኑ የተወለደ አንድ ሕፃን ማሞቂያ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ እንደሞቀው ተኝቶ ዋለ። እናቱ ስለ ምሰሶ ምን ብላ ታስብ? ማንም አላሰበም። ይልቁንም በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ቢሮው ድረስ መጥታ፣ «ምነው፣ ትናንት ሁለት ጊዜ አጠፋህብን? ቴሌቪዥኔን ልታቃጥለው ነው?» ብላ ጮኸችበት።

ሰውየው አልተቆጣም። «ሁለት ጊዜ ነው ሦስት?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁለት!»

«እኔም የቆጠርኩት ሁለት ነው። ተመስገን!» አለና የላላውን ሽቦ ፍለጋ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

ፊቱ እንዴት በርቶ እንደነበር አስቢው። ያን የመሰለ ወጀብ አልፎ፣ ሴትየዋ የምትቆጣበት ነገር ብታጣ ስለ ሁለት ብልጭታ ተቆጣች። እሱ ቁጣዋን ሰምቶ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። እኔ በዕድሜዬ ካባ የለበሰ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚህ ሰው የቀናሁበት ግን የለም።

እንግዲህ እቴነሽ ልጄ፣ አንቺም በበጋ መብራት የምታጠፊ ነሽ። ድንገተኛ ክፍል ከፈለግሽ ሂጂ፤ እዚያም ጀግና ያስፈልጋል። አመድ አፈስኩ ብለሽ ግን አትሂጂ። ዛሬ በመርፌ የምታስለቅሺው ሕፃን ኩፍኝ በሰፈሩ ሲያልፍ ማለፉን እንኳ አያውቅም። ያቺ «ልጄን በትኩሳት አሳደርሽብኝ» እያለች የምትጮህብሽ እናት ነገ ስትመጣ አፏን አትዪ፤ ጀርባዋን እዪ። ያዘለችው ልጅ አለ።