የአቶ ልዑልሰገድ ኢሜይል

አቶ ልዑልሰገድ የአንድ መሥሪያ ቤት ተጠባባቂ ዳይሬክተር ሆኑ። ኢሜይላቸው ግን ከስማቸው ስር «ተጠባባቂ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ሠራተኛው እንዳያውቅባቸው ለማንም መልእክት ሳይልኩ ሁለት ወር ከረሙ። በመጨረሻ የኮምፒውተር ባለሙያዋን አስጠሩና፣ «አንቺ! አጥፊያት ያልኩሽ ቃል ተመልሳ መጣች!» ብለው ጮኹባት።

«አጥፍቻት ነበር ጌታዬ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ኢሜይል ግን በየግማሽ ሰዓቱ እዚሁ ምድር ቤት ካለው ኮምፒውተር፣ ከሠራተኞች መዝገብ ላይ ማዕረግዎን ይገለብጣል። መዝገቡ ‹ተጠባባቂ› ነው የሚልዎት፤ ያንን የሚያስቀይረው ደግሞ ቦርዱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ተባረሻል! የስንብት ደብዳቤሽን አሁኑኑ በእኔ ኢሜይል ለሠራተኛው ሁሉ ላኪው!»

እሷም ኮምፒውተራቸው ፊት ቁጭ አለችና፣ «እሺ ጌታዬ፤ የእኔን መባረርና የእርስዎን ተጠባባቂነት ስድስት መቶው ሠራተኛ ባንድ ደብዳቤ ይስማ» አለቻቸው።