ሸኽ ሙዘሚል የሻሩት ፈትዋ

ግንቧ ባረጀ፣ ዛሬ ስሟ በማይነሳ አንዲት ከተማ ሸኽ ሙዘሚል የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። የእስልምናን ሕግ፣ ፊቅህን፣ ሠላሳ ዓመት አቅርተዋል፤ ፈትዋ፣ ሃይማኖታዊ ብይን፣ ከአፋቸው ከወጣ የሚከራከራቸው አልነበረም።

ቁርኣን ከሚያቀሯቸው ልጆች መካከል የኮርቻ ሠሪው የጀውሃር ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ኸይሪያ ነበረች። ስትወለድ አንጎሏ ተጎድቶ ኖሮ እግሮቿ የከረሩ ናቸው። ተረከዟ መሬት አይነካም፤ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ጉልበቶቿ እየተጋጩ ትወድቃለች። አባቷ ከወፍራም ቆዳና ከቀጭን እንጨት ቁርጭምጭሚቷን አጥብቆ የሚይዝ ድጋፍ ሠራላት። አላዳናትም፤ ግን እሱን ታጥቃ ከቤቷ እስከ መስጂዱ ሳትወድቅ መሄድ ጀመረች።

ሸኹ ሁልጊዜ ተቀምጣ ነበር የሚያገኟት፤ አንድ ቀን ግን መስጂዱ በር ላይ አዩዋት። «ልጄ፣ መንገድ በረገጠ ቆዳ አይገባም፤ እንደ ጓደኞችሽ አውልቂ» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። አወለቀች። ምንጣፉን በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ተሻገረችው። የሳቁ ነበሩ። ሸኹ አኩርፋ የዳኸች መሰላቸው።

ከዚያ ወዲያ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ሸኹ ሊጠይቋት ጀውሃር ቤት ሄዱ። ኸይሪያ ድጋፏን ታጥቃ ከተሰጣ እህል ላይ ዶሮ ታባርራለች፤ ተረከዟ እየረገጠ።

«በዚህ ነው እንዲህ የምትሄጂው?» አሉ ተገርመው። «ያለሱስ?»

«ያለሱማ አይተውኛል፣ ሸሆች» አለች፣ ዓይኗን ከዶሮዎቹ ሳታነሳ።

«አንቺ!» ብሎ ጀውሃር ተቆጣ። ሸኹ በእጃቸው ከለከሉት። የተሰበረ እግር የታሰረበት እንጨት ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ዉዱእ እንደማይፈታ፣ በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚበቃ ሠላሳ ዓመት አቅርተዋል። ያቀሩት ነገር በእግሩ ሄዶ በራቸው ሲደርስ አላወቁትም።

«ምነው ያኔ ሳትነግረኝ፣ ጀውሃር?»

«ሸሆች ካሉ በኋላ እኔ ምን እላለሁ?»

ሲመለሱ እሳቸው ዘንድ የሚቀራ ደረሳቸው ሱሩር መከራቸው። «ዝም ብላ ትግባ፤ ማን ያስታውሳል? ፈትዋዎን በሰው ፊት ካፈረሱ ነገ የሚሰማዎት የለም።»

«እሷ ታስታውሳለች» አሉ።

የጁሙዓ ሰላት እንዳበቃ ኸይሪያን አስጠርተው እዚያው በር ላይ ቆሙ። «ጀመዓ፣ ይቺን ልጅ አውልቂ ያልኳት ተሳስቼ ነው። ይህ ጫማ አይደለም፤ መሄጃዋ ነው። ከእንግዲህ ማንም እንዳያስወልቃት።» ከዚያ ዝቅ ብለው የድጋፉን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፤ ደግመውም ጠረጉት።

«ይበቃል ሸሆች፣ ከምንጣፉ በላይ ጸዳ እኮ!» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በእግሯ ገባች።

በኋላ ሱሩር ለምን በሰው ፊት እንዳደረጉት ቢጠይቃቸው፣ «ያዋረድኳት ጮክ ብዬ ነው፤ በሹክሹክታ አይመለስም» አሉ።

እኛ ዘንድ መሳሳት ብርቅ አይደለም። በጉባኤ ፊት የሰው ስም አጥፍቶ የሚያባርር፣ ዲግሪም ሥልጣንም ያለው ሞልቷል። ዓመታት አልፈው እውነቱ ሲወጣ ግን በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኔ ስህተት ነበር» ይላል፤ እሱንም ካለ ነው። ተበዳዩ ይሰማዋል። ያኔ በጉባኤው የነበሩት አይሰሙም፤ እነሱ ዘንድ እስከ ዛሬ ጥፋተኛ ነው። የሰው ሐቅ ወደ ተወሰደበት ቦታ፣ ሲወሰድ ባዩት ሰዎች ፊት ተመልሶ መሄድን ይጠይቃል። ይህ ሸኽ ሙዘሚልን ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ዕድሜ ልክ የማይበቃቸው አሉ።