ውኃ የምትጠጣው ጀልባ

ኑ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። ዛሬ የማወራችሁ የውኃ ወሬ ነው፤ የምትፈሩ ካላችሁ ከወዲሁ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

በድሮ ዘመን፣ በጣም ድሮ እንኳን አይደለም፣ ሞተር የሚባል ነገር ጣና ሐይቅ ላይ ማጓራት በጀመረበት ዘመን፣ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ አያልነህ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አያልነህ ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር፣ ግን ተጠራጣሪ ነበር። በሩን ዘግቶ ይወጣና ተመልሶ ይነካዋል። ጥቂት ሄድ ይልና ደግሞ ተመልሶ ይነካዋል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ይስቁበት ነበር ይባላል፤ እኔ አላየሁም።

ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። እንጉዳይ ደፋር ነበረች፣ ተናጋሪ ነበረች፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። መውለጃዋም ተቃርቦ ነበር።

የአያልነህ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ቤቱ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው። ደሴቲቱ ላይ ያለው ደግሞ ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ብቻ ነው። ታንኳ በመቅዘፊያ ነው የሚሄደው፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ባለፈው ዓመት የገዛ እህቱን ምጥ ይዟት በታንኳ ሲወስዷት፣ ማዶውን በዓይኗ እያየች መሀል ሐይቅ ላይ ቀረች። መቅዘፊያውን ይዞ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንጉዳይን ሆድ ባየ ቁጥር ዓይኑ ወደ ሐይቁ ማዶ ይሄዳል።

ስለዚህ በሬዎቹን ሸጠ፣ ማሩን ሸጠ፣ የክት ልብሱን ሸጠ። አዲስ ጀልባ የሚገዛበት አቅም የለውም። የሚፈልገው ያገለገለች፣ ግን ጠንካራ የሆነች የሞተር ጀልባ ነው። ታንኳው ላይ ሲወጣ እንጉዳይ ከዳር ቆማ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ስትጠራጠር እዚያው እንዳትከርም! ይሄ ሆድ አይጠብቅህም!» ብላ ጮኸችበት።

ማዶ ወደቡ ላይ የሚሸጡ ሁለት ጀልባዎች ነበሩ።

የአንደኛዋ ባለቤት ሸጋው ይባላል። ሸጋው መልኩ ያማረ፣ ምላሱ የለሰለሰ፣ ተንኮሉ የማያልቅ ሰው ነበር። ጀልባው ቀይና አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ግንባሯ ላይ መስታወት ተሰቅሎላት፣ ሙሽራ መስላ ቆማለች።

«ታፈሳለች?» አለ አያልነህ።

«ጠብታ አታውቅም፣ ወንድምዓለም!»

«ሞተሩስ?»

«አንበሳ ነው!»

«ሳንቃውስ?»

«ብረት ነው በለው!»

አያልነህ ጎንበስ ብሎ ወለሏን በመዳፉ ዳበሰው። ደረቅ ነው። ልቡ ግን አላረፈም። እስቲ ሌላዋንም ልያት አለና ሄደ።

የሁለተኛዋ ባለቤት አያ ቢምረው ይባላል። አያ ቢምረው በዕድሜ የገፋ፣ ቁጡ፣ ወሬ የማይወድ፣ ግን ሐሰት ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ጀልባዋን በገዛ እጁ ነው ከዋንዛ ሳንቃ የሠራት። ቀለሟ ለቋል። ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ታስራ፣ ሆዷ ውስጥ ውኃ እስከ ጉልበት ሞልቶ፣ ሽማግሌው በቅል እየጨለፈ ይደፋል።

«ታፈሳለች?» አለ አያልነህ።

«ታፈሳለች» አለ አያ ቢምረው ቀና ሳይል።

«ሞተሩስ?»

«ጠዋት ጠዋት ያስለዋል።»

«ሳንቃውስ?»

«ግራ ጎኗን ድንጋይ መትቷት አንዱን ቀይሬዋለሁ። ና እየው፣ እዚህ ጋ ነው።»

አያልነህ ክው አለ። «ታዲያ የምታፈስ ጀልባ ማን ይገዛል፣ አያ ቢምረው?»

«በጋውን ሙሉ የብስ ላይ ከርማ እንጨቷ ደርቋል። አሁን ውኃ እየጠጣች ነው። ስትጠግብ ትተዋለች። ነገ ና።»

ውኃ የምትጠጣ ጀልባ! ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያልነህም ሰምቶ አያውቅም። የታንኳ ሰው ነዋ! ደንገል ውኃ ከጠጣ አለቀለት፤ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ይጣላል። እንጨት ግን ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ እርስ በርሱ ይገጥማል፣ ሲገጥም ውኃ አያስገባም። ይህን ማን ይንገረው? ሽማግሌውማ አንዴ ተናግሯል፣ አይደግምም።

አያልነህ እዚያው ወደቡ ላይ አድሮ በማግስቱ መጣ። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። «አልጠገበችም፤ ነገ ና» አለው አያ ቢምረው።

በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ መጣ። ውኃው የእግር ጣት ቢሸፍን ነው። «ትንሽ ቀራት፤ ረፋዱ ላይ ና» አለው።

ልብ አላችሁ? ውኃው እየቀነሰ ነው። አያልነህ ግን ጨንቆታል፤ የሚታየው ውኃው እንጂ መቀነሱ አይደለም። «ይሄ ሽማግሌ እያሞኘኝ ነው» አለ በልቡ። እንዲህ እያለ ሳለ ከደሴቲቱ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣና፣ «አያልነህ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ? እንጉዳይ ወገቧን ይዟታል!» አለው።

ነፍሱ ከላዩ ላይ ብን አለች። እየሮጠ ሸጋው ዘንድ ሄደ። ቢሆንም ያው አያልነህ ነው፤ እየሮጠም ይጠራጠራል።

በዚያ ዘመን፣ ልጆች፣ ሁለት ሰዎች ካልተማመኑ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ቋጠሮውን ያለ ምስክር የፈታ ሰው በአገሩ ቀና ብሎ አይሄድም።

«እገዛታለሁ» አለ አያልነህ፣ «ግን ጋቢህን ከጋቢዬ ቋጥረን፣ አብረን ተሳፍረን ልያት።»

ሸጋው ሳቀ። «ይሄማ ምን ችግር አለው!»

ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እያየ ተቋጠሩ። ሸጋው ሞተሩን እንዴት እንደሚይዝ አሳየውና አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ዞረው ተመለሱ። ወለሉ እንደደረቀ ነው።

«በል እንግዲህ ፍታኝና ገንዘቤን ስጠኝ።»

«የለም» አለ አያልነህ። «ቋጠሮው የሚፈታውም፣ ገንዘቡ የሚከፈለውም ደሴቲቱ ላይ ነው፣ እንጉዳይ ፊት።»

አሁን የሸጋው ሳቅ ጠፋ። «እናቴ ታማብኛለች» አለ። «ትናንት ገበያ አየኋቸው እኮ!» አለች አንዲት ሴት። «ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ» አለ። «ንፋስ ሲነካህ ይሻልሃል» አሉት። «ዛሬ ቀኑ ለመንገድ አይሆንም» አለ። ይሄን ጊዜ ወደቡ በሳቅ አወካ። «ምነው ሸጋው፣ የገዛ ጀልባህን ፈራሃት እንዴ?»

ምን ያድርግ? ተሳፈረ።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። ወደቡ ከኋላ አነሰ፣ ደሴቲቱ ከፊት ገና ናት። ፀሐይዋ መጠንከር ጀመረች፣ ሞተሩም ጋለ።

«ቀስ በል» አለ ሸጋው።

«እንጉዳይ ወገቧን ይዟታል!»

«ሞተሩን አሳርፈው እንጂ!»

«አይሆንም!»

«አጥፋው አልኩህ!»

አያልነህ ዞሮ አየው። ሸጋው ላብ በላብ ሆኗል፤ ዓይኑም ከሞተሩ ሥር ካለው ሳንቃ ላይ አይነሳም። ሰም ሰም የሚል ሽታ መጣ። ቀጥሎ የአያልነህ እግር ራሰ። ቀጥሎ ከሳንቃዎቹ መሀል ውኃው ተንፎለፎለ።

ሸጋው ዘሎ ሊዋኝ ሲል ወገቡ ላይ የጠመጠመው ጋቢ ከነቋጠሮው ጎትቶ መለሰው። «ፍታኝ!»

«ምን አድርገሃት ነው?»

«ስንጥቁን በሰም ደፍኜ ቀለም ቀባሁበት! ሞተሩ ሲግል ቀለጠ! ፍታኝ በእግዚአብሔር!»

ሞተሩ ውኃ ጠጥቶ ዝም አለ። በባርኔጣ ጨለፉ፣ በእጅ ጨለፉ፣ ውኃው ግን ጉልበታቸውን አለፈ። አያልነህ ሞቱን አልፈራም፤ የእውነቴን ነው። የፈራው ሌላ ነው። እንጉዳይ ከዳር ቆማ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ በመጨረሻ ታንኳ ላይ ሲያወጧት ታየው። አምርሮ አለቀሰ።

ይሄኔ ከኋላ የሚያስለው ሞተር ድምፅ ተሰማ። አያ ቢምረው ነው! እያጉረመረመ ደረሰና ሁለቱንም በልብሳቸው አንገትጌ ይዞ፣ እንደተቋጠሩ ጎትቶ አወጣቸው። የሸጋው ጀልባ ከነመስታወቷ ሰመጠች።

አያልነህ ገና ሳይቀመጥ ወለሉን ዳበሰ። ደረቅ ነው። እንደገና ዳበሰው። ደረቅ ነው።

«ውኃውስ?»

«ጠገበቻ! ላሳይህ ስጠብቅህ ከዚህ ጋር ስትሄድ አየሁህ።»

«የእሱ ጀልባ የበሰበሰች መሆኗን ታውቅ ነበር፣ አያ ቢምረው?»

ሽማግሌው አቀረቀረ። «አውቅ ነበር። አምና ጠግንልኝ ብሎ አምጥቷት፣ ከማገዶ በቀር ለምንም አትሆንም ብዬው ነበር። ላንተ ግን አልነገርኩህም። የሰው ዕቃ ማጣጣል ነውር ነው ብዬ፣ ገበያ ለመሻማት ነው ትለኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

አያልነህ በሦስት ቀን ጥርጣሬው አፍሮ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

ደሴቲቱ ሲደርሱ እንጉዳይ ምጡ ፋፍሞባት በሁለት ሴቶች ተደግፋ ዳር ቆማለች። ቋጠሮውን ሴቶቹ ፊት ፈቱት፤ ሸጋውን እዚያው ተዉት፣ እንጉዳይን አሳፈሯትና ጀልባዋ ተፈተለከች። አያ ቢምረው ይነዳል፣ እንጉዳይ ታምጣለች፣ አያልነህ ወለሉን ይዳብሳል። ደረቅ። ደግሞ ይዳብሳል። ደረቅ። እህቱ የቀረችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም እጆቹን ወለሉ ላይ ለጠፈና ትንፋሹን ያዘ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች እንጉዳይ ጥርሷን ነክሳ። «እጅህን ከወለሉ አንሳና እጄን ያዝ!»

አነሳ። ያዛት። ወለሉን ዳግመኛ አልነካውም።

ማዶ ደረሱ፤ እንጉዳይንም ደግፈው ሐኪም ቤቱ አስገቧት። ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ አለቀሰች፤ እናቷ ሳቀች፤ አባቷ ደግሞ ያንን ሁሉ ገንዘብ በሁለት እጁ ለአያ ቢምረው አስረከበ።

ሸጋውስ? ሸጋው በደንገል ታንኳ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወደቡ እስኪደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ይቅርና መንጠቆ እንኳን የሚገዛው አላገኘም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስትገዙ የዕቃውን ጉድለት በግልጽ የሚነግራችሁን ሻጭ አትሽሹት፤ ያልገባችሁን መልሳችሁ ጠይቁት። እናንተ ደግሞ ሰው ገደል ሲገባ እያያችሁ፣ ነውር ነው ብላችሁ እውነቱን አትዋጡት። አያ ቢምረው ያቺን ዝምታውን እስኪሞት ድረስ ሲቆጭባት ኖሯል።

ተረቴ ከዳር ደረሰ፤
ማነው እግሩ የራሰ?