የእመት አህያ ስጋጃ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። እንቅልፍ የመጣበት ግድግዳውን ይደገፍ እንጂ እኔን አይደገፈኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት እመት አህያ ነበረች። ቤቷ ጫካው ጥግ ነው። ጫካው ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ ይኖራል። አያ ጅቦ እመት አህያን በጣም ይወዳታል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚወዳት መቼም አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

በእመት አህያ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ሰሌን ተነጥፎ ነበር። ሰሌኑ ደረቅ ነው፤ ማንም ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። አያ ጅቦ ሦስት ጊዜ ተደብቆ ገባ። ሦስቱንም ጊዜ ሰሌኑ «ኮሽ! ኮሽ! ማነው የረገጠኝ?» ብሎ ጮኸ። ሦስቱንም ጊዜ እመት አህያ ብድግ ብላ በጓሮ በር አመለጠች። ታዲያ አመሰገነችው? ምን ሲደረግ! «እንቅልፍ የምትነሳኝ አንተ ነህ» ብላ ሰደበችው እንጂ።

አንድ ቀን ወንዝ ወርዳ ውኃ ስትጠጣ እመት በቅሎ መጣች።

«ጉድ ልንገርሽ» አለቻት እመት በቅሎ። «ዘመዴ ፈረስ ቤት ገብቼ ነበር። መኝታ ቤታቸው ስጋጃ ተነጥፏል!»

«ሳሎናቸው ማለትሽ ነው?»

«ሳሎንማ ማንም ያነጥፋል። መኝታ ቤት ነው ያልኩሽ!»

እመት አህያ ውኃውን መጠጣቷን ተወች። ቤቷም አልተመለሰች፤ ከዚያው ከወንዙ ወደ ገበያ ሄደች።

ገበያው ላይ መጀመሪያ ያገኘችው አዲስ ሰሌን ነው። «እመቴ፣ እኔን ውሰጂኝ» አላት። «ቀላል ነኝ፣ አቧራ አልይዝም፣ ሌባ ሲረግጠኝም እጮኻለሁ።»

«ጯሂማ ቤቴም አለ» አለችና አለፈችው።

ቀጥሎ የበግ አጎዛ አገኘች። «እመቴ፣ እኔን ውሰጂኝ» አላት። «እሞቃለሁ፣ ለስላሳ ነኝ።»

«አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ። በሕይወት ሳለህ ጓሮዬ ገብተህ ሣሬን ስትግጥ ነበር። የጓሮዬ ሌባ መኝታ ቤቴ አይገባም» አለችና እሱንም አለፈችው።

ሦስተኛው ቀይ ስጋጃ ነበር፤ አበባ የተሠራበት፣ ዘርፍ የተንጠለጠለለት። እሱ እንደ ሌሎቹ «ውሰጂኝ» አላለም። ከተሰቀለበት ሆኖ ወደ ታች አያት።

«እኔ ለማንም አልነጠፍም» አላት። «እኔን የሚረግጠኝን እግር የምመርጠው እኔው ነኝ። እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

እመት አህያ እየፈራች ሰኮናዋን አነሳች።

«አቤት!» አለ ስጋጃው። «ይሄማ የእመቤት እግር ነው! እመቤቴ፣ የሚገባኝ የእርስዎ መኝታ ቤት ነው። እኔ ላይ ሲራመዱ ኮሽታ የለም፤ ዝሆን እንኳ ቢገባ አይሰማዎትም።»

እመት አህያን ከተወለደች ጀምሮ «እርስዎ» ያላት አልነበረም። «ሂጂ!» እና «ተሸከሚ!» ነበር የምታውቀው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እስቲ አትሳቁ፤ እናንተንስ «እርስዎ» ሲሏችሁ ምን እንደምትሆኑ አይቼ የለ! ነጋዴው የክረምት ገብሷን በሙሉ ከጎተራዋ እንዲወስድ ፈቅዳ ስጋጃውን በጀርባዋ ጭና ቤቷ ገባች።

አሮጌውን ሰሌን ጎትታ ከደጃፏ ፊት ለፊት ቆሻሻ መጣያው ላይ ወረወረችው።

«እመቴ» አላት ሰሌኑ፣ «ጅቡስ?»

«ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ጅብ ጅብ አትበልብኝ!»

በማግስቱ ጎረቤት መጣ። ሳሎን ተቀመጠ፣ ተጫወተ፣ ወጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ፣ ሳሎን ተቀመጠ፣ ወጣ። መኝታ ቤት የገባ የለም። በዚያ አገር እንግዳ መኝታ ቤት አይገባም፤ «ኑ መኝታ ቤቴን እዩልኝ» ማለትም ትልቅ ነውር ነው። እመት አህያ ይህን ገብሷን ከመስጠቷ በፊትም ታውቅ ነበር፤ ግን ማን ያስታውሳል።

ስጋጃው አኮረፈ። «ከእርስዎና ከግድግዳው በቀር ያየኝ የለም» አለ። «ገበያው ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይታመሙ።»

«ምን?»

«የታመመ የሚጠየቀው አልጋው ድረስ ተገብቶ ነው። ዛሬውኑ ይታመሙ!»

እመት አህያ አልጋዋ ላይ ወጣች፣ መስኮቷን ከፈተችና «ወይኔ ሆዴን! ወይኔ ጎኔን!» እያለች ማቃሰት ጀመረች። መቼም የአህያ ድምፅ ነው፤ ጎረቤትም ሰማ፣ ጫካውም ሰማ።

መጀመሪያ የመጣችው እመት ዶሮ ናት። አጥሚት ይዛ፣ እንባዋን እያፈሰሰች ገባች። «ምነው! ትናንት ደህና አልነበርሽም እንዴ? ዓይንሽ ገባ ብሏል እኮ!»

«ዓይኔን ተይውና ወደ ታች እዪ» አለቻት እመት አህያ።

«ወደ ታች? እግርሽም አብጧል?» ብላ ዶሮ ይብስ አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ስጋጃው ላይ ቆማ ነበር። «እግዜር ይማርሽ» ብላ ወጣች።

ቀጥላ እመት ፍየል መጣች። እሷ ምስጋና ይግባትና ወደ ታች አየች። «ውይ አበባው ሲያምር!» አለችና አንዱን ጥግ ጎርሳ ቦጨቀችው።

«ተይ! ስጋጃ ነው!» ብላ ጮኸች እመት አህያ፣ በሽታዋን ረስታ።

«እግዜር ይማርሽ፣ ያቃዥሻል ማለት ነው» አለች ፍየል እያላመጠች። «ብቻ ጨው ያንሰዋል።» እሷም ወጣች።

እመት አህያ ልቧ ተሰበረ። ገብሷን ጨረሰች፣ ታመመች፣ አንድም ያመሰገናት የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትራሷ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ቆየች፣ ከዚያ ቀና አለች።

አያ ጅቦ ስጋጃው መሐል ቆሟል። ኮሽ እንኳ አላለም።

«እግዜር ይማርሽ እመት አህያ» አላት። «ታመመች ሲሉ ሰምቼ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

እመት አህያ የጓሮውን በር አየችው፤ ክፍት ነው። አንድ እግሯን ከአልጋዋ አወረደች። ይኼኔ አያ ጅቦ ወደ ታች አየ።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ይሄ ስጋጃ የማነው? ቀለሙ! ዘርፉ! የፈረሱን አይቻለሁ፤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጆንያ ነው።»

እመት አህያ የጓሮውን በር መመልከቷን ተወች። «እውነትህን ነው?» አለች።

«ሙች! ግን እመት አህያ፣ አንድ ነገር አሳሰበኝ። እኔ ለምን እንደመጣሁ መቼም አታጪውም። እዚህ ላይ ከሆነ ስጋጃውን ደም ይነካዋል። ደም ደግሞ አይለቅም።»

«ውይ!» ብላ ደነገጠች እመት አህያ። «እዚህማ አይሆንም! ና፣ ወደ ውጭ እንውጣ። እግርህን ደግሞ እያነሳህ ተራመድ፣ ዘርፉ እንዳይበጠስ።»

ፍየል ያበላሸችውን ጥግ አስተካክላ፣ በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር፣ እሷ ከፊት ጅቡ ከኋላ ሆነው ወጡ። ቆሻሻ መጣያው ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ረገጠች።

«ኮሽ! ኮሽ! ማነው የረገጠኝ?» ብሎ ጮኸ አሮጌው ሰሌን። «እመቴ፣ ጅብ ነው! ሩጪ!»

እመት አህያ ቆመችና ወደ ሰሌኑ ጎንበስ አለች።

«ዝም በል» አለችው። «እንግዳ ፊት አታዋርደኝ።»

በሕይወቷ የተናገረችው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

አያ ጅቦ ከበላ በኋላ አፉን ጠርጎ ተመለሰና ስጋጃውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገው። ሰሌኑ ዝናብ እስኪያበሰብሰው «ሩጪ ብዬ ነበር፣ ሩጪ ብዬ ነበር» ሲል ከረመ። ስጋጃው ግን ገና ጫካው ሳይደርሱ ትከሻው ላይ ሆኖ ተናገረ።

«እስቲ እግርህን አሳየኝ።»

አያ ጅቦ በደም የተነከረ እግሩን አነሳ።

«አቤት! ይሄማ የጌታ እግር ነው!» አለ ስጋጃው። «ጌታዬ፣ የሚገባኝ የእርስዎ መኝታ ቤት ነው።»

ተረቴ አለቀ። ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። የሚያሞግሳችሁን ለማንጠፍ ብላችሁ የሚጮህላችሁን ደጅ አትጣሉ። የጣላችሁ ካላችሁም ስትወጡ አንሱት፤ አሁን እየመሸ ነው።