ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም ያለ ዕለት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጊዜያችሁን ወስጄ ባዶ እጃችሁን አልሰዳችሁም። ሌላ ተረት ተሰምቶ ያልቃል፤ የኔው ግን ከተሰማ በኋላ ይበላል። እንዲህ ያለው ደግሞ በየቀኑ አይገኝም።

ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት በዳገት ሰፈር እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ስኳር በሽታ ይዟቸዋል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ስኳር በቃ» ካላቸው ወዲህ ሻያቸውም መረረ፣ ቀናቸውም መረረ። ከቤት አይወጡም። ምሳ ሲቀርብላቸው አንድ ሁለቴ ይጎርሱና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

አንድ ጠዋት ባላቸው ጋሽ ታፈሰ ጨነቃቸውና ጠየቋቸው።

«አስኩዬ፣ ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ዕቃ ገበያ ላይ የለም። ሌላ በይ።»

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። «ጣፋጭ አማረኝ» አሉ። «ስኳር ያልገባበት ጣፋጭ። ተደብቄ ሳይሆን ሰው መሐል ተቀምጬ የምበላው።»

ጋሽ ታፈሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ያፈሉት ነገር ቢኖር ራዲያተር ብቻ ነው። ቢሆንም ትሪ አነሡና እየተጣደፉ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዱ።

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። በዳገት ሰፈር ማንም ቤቱ ውስጥ መጋገሪያ የለውም። ሰው የሚጋግረውን በትሪ አድርጎ ወደ ዳቦ ቤት ይወስዳል። የዳቦ ቤቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ፉርኖው ውስጥ የሚቀረው ሙቀት የሰፈሩ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው።

«ጣፋጭ ጋግርልኝ» አሉት ጋሽ ታፈሰ ፉርኖውን።

ፉርኖው አፉን ከፍቶ ትሪውን አየና፣ «ምኑን? ቆርቆሮውን?» አለ። «እኔ ፉርኖ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ዳቦ! ሌላ ሽታ ናፈቀኝ። ዱባ ያምጡልኝ።»

ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም አለ፤ እትዬ አስካለም እንዳማራቸው ቀሩ።

ጋሽ ታፈሰ ወደ ጓሯቸው ተመለሱ። አጥሩ ላይ አንድ ዱባ ተንጠልጥሏል። ጣታቸውን ቀሰሩና «አንተን ነው የምፈልገው!» አሉት።

ኧረ ጋሼ! ዱባ በጣት ይጠቆማል እንዴ? በጣት የተጠቆመ ዱባ ይረግፋል ይባላል እኮ፤ የሰፈሩ ሕፃን ሳይቀር ጣቱን አጥፎ በጭብጡ ነው የሚያሳየው። ዱባው አኮረፈ።

«ዕድሜዎን ሙሉ መንገድ ላይ ኖረው ምልክት አያውቁም?»

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

«እንዳልረግፍ የጠቆሙበትን ጣት ይንከሱ።»

ነከሱ።

«ጠበቅ አድርገው!»

ጠበቅ አድርገው ነከሱ።

«አሁን ታርቀናል» አለ ዱባው። «ግን ብቻዬን ትሪ ላይ አልተኛም። እዚህ አጥር ላይ ብቻዬን ከርሜ ጓደኛ ናፈቀኝ። አፕል ይምጣልኝ።»

እውነቱን ነው። ብቻውን የተጋገረ ዱባ ጣፋጭነቱ ዓይን አፋር ነው፤ አጠገቡ ጎምዘዝ ያለ ፍሬ ሲያገኝ ነው የሚናገረው። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ጋግሬ፣ አበላሽቼ፣ ደግሞም ጋግሬ የደረስኩበት ነው።

ዱባው ትሪው ላይ አልተኛም አለ፤ ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም አለ፤ እትዬ አስካለም እንዳማራቸው ቀሩ።

አፕሉ ያለው ጎረቤታቸው ሺበሬ ግቢ ውስጥ፣ ዛፉ ጫፍ ላይ ነው። ጋሽ ታፈሰ ከሥር ሆነው ተጣሩ። የዱባው ትምህርት ገብቷቸዋልና ጣታቸውን ኪሳቸው ከተዋል።

«አፕሌ፣ ውረድና ዱባውን አጅበው!»

«አልወርድም» አለ አፕሉ። «ዝናብ በጠፋ ጊዜ በጣሳ ውሃ እያመላለሰች ያሳደገችኝ ሺበሬ ናት። ወንድሞቼን ሁሉ በእጇ ለቀመቻቸው፤ እኔ ጫፍ ላይ ቀረሁ። እጇ ናፈቀኝ። እሷ ካላወረደችኝ የትም አልሄድም።»

አፕሉ ዱባውን አላጅብም አለ፤ ዱባው ትሪው ላይ አልተኛም አለ፤ ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም አለ፤ እትዬ አስካለም እንዳማራቸው ቀሩ።

ሺበሬ ልብስ ስታሰጣ አገኟት።

«ምነው ጋሽ ታፈሰ፣ ትሪ ይዘው? ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች!»

«ለአስካለ ልጋግርላት ነው።»

ሺበሬ ሳቋን ዋጠችው። «እሳቸውማ ናፈቁኝ» አለች፤ የያዘችውን ሸሚዝ ሳትጨምቀው ገመዱ ላይ ጣለችው። «ድምፃቸውን ካጥር ማዶ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! አፕሉማ ምን ያሳሳል? ግን ጫፍ ላይ ነው። በዱላ ብንመታው ወድቆ ይበልዛል። መሰላሌ ደግሞ ሊጠገን አናጢው ግዛቸው ጋ ከሄደ ቆየ። መሰላሉ ይምጣ፤ ያኔ አወርዳለሁ።»

ሺበሬ አፕሉን አላወርድም አለች፤ አፕሉ ዱባውን አላጅብም አለ፤ ዱባው ትሪው ላይ አልተኛም አለ፤ ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም አለ፤ እትዬ አስካለም እንዳማራቸው ቀሩ።

መሰላሉ ግዛቸው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ና፣ ሺበሬን ተሸከማት።»

«አልሸከምም። አንዱ መርገጫዬ ወልቋል። ከፍ ያለ ነገር ናፍቆኛል፤ ቢሆንም ሰው ጣለ ከምባል እዚሁ ልበስብስ። መዶሻው ይምታልኝ።»

መዶሻውን ቢጠይቁት ደግሞ እሱ ባሰ። «አልጠግንም» አለ። «እጀታ እንጂ እጅ አለኝ እንዴ? ግዛቸው ካላነሣኝ እኔ ብረት ነኝ። የገዛ ድምፄ ናፈቀኝ፣ ጋሼ።»

መዶሻው መሰላሉን አልጠግንም አለ፤ መሰላሉ ሺበሬን አልሸከምም አለ፤ ሺበሬ አፕሉን አላወርድም አለች፤ አፕሉ ዱባውን አላጅብም አለ፤ ዱባው ትሪው ላይ አልተኛም አለ፤ ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም አለ፤ እትዬ አስካለም እንዳማራቸው ቀሩ። (እኔ እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጋሽ ታፈሰ ግን ትሪውን አላስቀመጡም።)

ግዛቸው ግቢው ውስጥ ጣውላ ላይ ተቀምጦ አገጩን ይዟል። ከበስተኋላው ድንኳን ተተክሏል፤ ከድንኳኑ ጀርባ የሴቶች ጭቅጭቅ ይሰማል።

«ግዛቸው፣ እባክህ መዶሻህን አንሣልኝ።»

«አላነሣም ጋሽ ታፈሰ፣ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ነገ ልጄን እድራለሁ። ወጡ ደግሞ ይኸው፤ አንዷ ጨው በዛ፣ አንዷ ጨው አነሰ እያለች ድስቱን ከበው ሊደባደቡ ነው። ዱሮ ይሄ ነበር? እትዬ አስካለ ቀምሰው ‹አውርዱ› ሲሉ ነበር የሚወርደው። የሰፈሩ ድግስ ሁሉ በሳቸው ምላስ አይደል እንዴ የሚያልፈው?»

«ታዲያ ለምን አልጠራሃትም?»

«እንዴት ብዬ? የታመመ ሰው ድግስ ቤት ጠርቼ ‹የማይበሉትን ይዩ› ልበል? ሰዉ ምን ይለኛል? አፈርኩና ተውኩት። ሁሉም አፍሮ ነው የተወው።»

ጋሽ ታፈሰ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዞሩ። ባለቤታቸው በዚያ መስኮት ምን ሲያዩ እንደከረሙ ያን ጊዜ ገባቸው። መስኮቱ የሚያየው የግቢውን በር ነው። የሚመጣ ሰው ካለ ብለው ነው።

ግዛቸው መዶሻ አላነሣም አለ፤ መዶሻው መሰላሉን አልጠግንም አለ፤ መሰላሉ ሺበሬን አልሸከምም አለ፤ ሺበሬ አፕሉን አላወርድም አለች፤ አፕሉ ዱባውን አላጅብም አለ፤ ዱባው ትሪው ላይ አልተኛም አለ፤ ፉርኖው ባዶ ትሪ አልጋግርም አለ፤ እትዬ አስካለም...

ቆይ፣ እዚህ ላይ ጋሽ ታፈሰ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዳገት፣ ከነትሪያቸው።

«አስኩዬ! ግዛቸው ቤት ወጥ የሚቀምስ ሰው ጠፋ!»

እትዬ አስካለ ከመስኮቱ ዞር አሉ። «ማን ላከህ?»

«ድስቱ።»

«ወጥ ውስጥ ስኳር አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ?»

«አፍረው ነው።»

«እኔ ደግሞ የረሱኝ መስሎኝ» አሉና ነጠላቸውን ፈለጉ። ነጠላው ወንበሩ ላይ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነው ያጡት።

ድንኳኑ ጀርባ ሲደርሱ ጭቅጭቁ ቀጥ አለ። አንዷ ከወጡ በማማሰያ ጫፍ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረገችላቸው። ላሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጨውስ ልክ ነው» አሉ። «ያልበሰለው ሽንኩርቱ ነው። እሳቱን ቀንሱና አርፋችሁ ተቀመጡ።»

ይኼኔ ግዛቸው መዶሻውን አነሣ፤ መዶሻው መሰላሉን ጠገነ፤ መሰላሉ ሺበሬን ተሸከመ፤ ሺበሬ አፕሉን አወረደች፤ አፕሉ ዱባውን አጀበ፤ ዱባው ትሪው ላይ ተኛ፤ ፉርኖውም «እሰይ!» ብሎ ትሪውን ዋጠ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። ዱባው ተልጦ ፍሬው ይወጣና ሁለት ጣት ያህል እየሆነ ይቆረጣል። አፕሉ ቶሎ ስለሚለሰልስ ከዱባው ተለቅ ብሎ፣ ከነልጣጩ። ጥቂት ዘይት፣ የተፈጨ ቀረፋ፣ ሎሚ ጠብ ጠብ፣ ጨው ቁንጥር። ስኳር የለም፣ ማር የለም። ትሪው በኮባ ቅጠል ይሸፈንና ፉርኖ ይገባል። በሹካ ስትወጉት ዱባው እምቢ ካላለ፣ ቅጠሉ ይነሣና ውሃው እስኪመጥ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን እንደገና ይገባል። ታዲያ ፍሬም የራሱ ጣፋጭነት አለውና ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ በልክ ይብላ። እትዬ አስካለም የተፈቀደላቸው በቀን አንዲት ትንሽ ቁራሽ ናት።

በማግስቱ በሠርጉ ድንኳን፣ ሺበሬ በአንድ ወገን፣ ጋሽ ታፈሰ በሌላው ወገን ተቀምጠው፣ እትዬ አስካለ ያቺን ቁራሽ በሰው ፊት ጎረሱ። ቶሎ አልዋጡም። ሺበሬ ፊታቸውን እያየች ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ።

«ታፈሰ» አሉ ከዋጡ በኋላ።

«አቤት።»

«ጠርዙን አሳርረኸዋል።»

«አውቄ ነው።»

«ውሸታም» አሉና ሳቁ። «የነገዋን ቁራሽ ግን ከጠርዙ ቁረጥልኝ።»

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፋችሁን በዱባ አብሱ። ምን ትጠብቃላችሁ? አጥር ላይ ዱባ አይጠፋም፤ የሰፈሩ ፉርኖ ገና አልበረደም። ጣታችሁን አጥፉ፣ ትሪያችሁን አንሡ፣ የናፈቃችሁን ሰው ሳታፍሩ ጥሩና ዛሬውኑ ሞክሩት!